ባቡሩ የት ነው የሚሄደው?

ባለፈው ዓመት ለገና ጀርመን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለልጄ አንድ ከበድ ያለ ካርቶን ላከችለት። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞዴል ባቡር ነበር፤ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎ፣ ተገጣጥሞ ክብ የሚሠራ ሐዲድ እና ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ትንሽ ሳጥን። ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ዘረጋነው፣ ባቡሩ ዞረ፣ አጨበጨብን፣ ባለቤቴ ቪዲዮ ቀርጾ ለእህቴ ላከላት። በአራተኛው ቀን ባቡሩ ሶፋ ሥር ገብቶ ነበር። ልጄም ወደ ስልኬ ተመልሷል።

ታሪኩ እናንተም ቤት እንግዳ አይመስለኝም። ውድ መጫወቻ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይነግሣል፣ ከዚያ ይረሳል። እኔም እንደ ማንኛዋም እናት ቅር ብሎኝ «ለምን አትጫወትበትም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዝም ብሎ ነው'ኮ የሚዞረው» አለኝ። «ማሚ፣ የት ነው የሚሄደው?»

እኔ ጅማ ውስጥ ቡና በሚያቀርብ አንድ ድርጅት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ለጥያቄ ቶሎ መልስ መስጠት እንጀራዬ ነው። «አጋሮ ነው የሚሄደው፣ አባባ ጋ» አልኩት።

«አጋሮ ባቡር አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም። ማታ ልጁን ካስተኛሁ በኋላ ግን ነገሩን ሳስበው፣ የሰጠሁት መልስ ጨርሶ ውሸት እንዳልነበረ ትዝ አለኝ። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ መስመሩ የታሰበው በሦስት ክፍል ነበር። ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል ወደኛ ወደ ቡናው አገር የሚመጣው ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ምዕራብ አልተሻገረም። በእኛ ዘመንም በወጣው ብሔራዊ የባቡር መስመር ዕቅድ ውስጥ ጅማ ነበረች። እስካሁን ግን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ መስመር የሚያበቃው ሰበታ ላይ ነው። ሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ ላይ ናት። ባቡሩ ፊቱን ወደኛ አዙሮ እዚያ ቆሟል። የኛ ቡና ድሮ በበቅሎ፣ ዛሬ በጭነት መኪና የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት አልፎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው።

ጠዋት ይህንን በልጅ ቋንቋ አሳጥሬ ነገርኩት። ቁርሱን እየበላ ሰማኝና «እነሱ ካልሠሩት እኛ እንሥራዋ» አለ።

እንዲህ ተጀመረ።

ለእህቴ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ሐምቡርግ ከተማ የሚገኘውን ሚኒያቱር ዉንደርላንድ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከችልን። በ2001 እ.ኤ.አ. የተከፈተ በዓለም ትልቁ የሞዴል ባቡር ማሳያ ነው። ልጄ ባቡሮቹን ሲቆጥር እኔ ሌላ ነገር አየሁ። ሰው የሚያፈዝዘው ባቡሩ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ተራራ፣ ሰፈር፣ ዛፍ፣ ልብስ የምታሰጣዋ ሴትዮ ናት። ሐዲድና ባቡር ከሱቅ ይገዛል። መልክዓ ምድሩ ግን በእጅ ነው የሚሠራው። እጅ እንዲሠራው ደግሞ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ይሄኛው የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ከአናጢ ቤት ግማሽ ኮምፔንሳቶ ገዛን፤ 1.22 በ1.22 ሜትር። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነውና ስሌቱን ለእሱ ተውንለት። የኛ ባቡር ልኬት 1 ለ87 ነው፤ ማለትም ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። 3 ሜትር የሆነ የቡና ዛፍ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይደርስም። 15 ሜትር ዛፍ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ስታባዙት 1.435 ሜትር ይመጣል፣ የአዲሱ የጅቡቲ ሐዲድ ስፋት ማለት ነው።

ልጄ ከጅማ እስከ አጋሮ እንዳለ እንዲሠራ ፈልጎ ነበር። ባለቤቴ 45 ኪሎ ሜትሩን ለ87 አካፈለና «517 ሜትር ኮምፔንሳቶ ግዙልኝ» አለ። ከዚያ የኛን ሰሌዳ አሰላው። ጎንና ጎኑ በእውነተኛው ዓለም 106 ሜትር ነው፤ ስፋቱ አንድ ሄክታር ከትንሽ።

«ይሄ'ኮ ከተማ አይሆንም» አለ። «የአባባን ማሳ ነው የሚያክለው።»

ሦስታችንም ተያየን። አባቴ አጋሮ ዳር፣ አንድ ሄክታር ገደማ መሬት አላቸው። ቦታው ተገኘ፤ ባቡሩ የሚሄደው አባባ ማሳ ነው። ችግሩ ግን የትኛው ማሳ የሚለው ነበር። እኔ ያደግሁበት ማሳ ከዳር እስከ ዳር በጥላ ሥር ያለ ቡና ነው። ልጄ የሚያውቀው ማሳ ባሕር ዛፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥራዬ ስለ ቡና መጻፍና ፎቶ ማስነሳት ነው። ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ሰቃ ጨቆርሳ፣ የቡና መገኛ እንደሆነች የሚነገርላት ጮጬ፣ ያልዞርኩበት የለም። በምጽፈው ሁሉ ውስጥ «በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ» የሚል ሐረግ አይጠፋም። እናም ባለፈው ዓመት ፋሲካ አጋሮ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሳለ፣ በሰው ፊት አባቴን «አባባ፣ ሰው እንዴት ቡና ነቅሎ ባሕር ዛፍ ይተክላል? እኔ ለውጭ ደንበኛ የምናገረውን የገዛ አባቴ ያፈርሱታል» አልኳቸው። አባቴ ስኒያቸውን አዩት። ምንም አልመለሱልኝም። ዘመዶቻችን ወሬ ቀየሩ። እኔም ትክክል ነኝ ብዬ ወደ ጅማ ተመለስኩ።

ለማንኛውም፣ መጀመሪያ ኮረብታው ነበር የሚሠራው። ፍሪጅ ስንገዛ በካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ነጭ ፎም ቆራርጠን ደረደርን፣ በላዩ ላይ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየነከርን ለጠፍን። አማረብን። በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ጀመረና ኮረብታው ሻገተ፤ ሳሎኑ በሙሉ እርጥብ ጆንያ ሸተተ። እናንተም ብትሞክሩት፣ በተለይ እንደ ጅማ እርጥበት ባለበት አገር፣ የዱቄት ሙጫ አትጠቀሙ። አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ በውኃ ቀጥኖ ይበቃል። ወረቀቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ በላዩ ላይ ስስ ጀሶ በብሩሽ ይቀባል፤ ጀሶው ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል።

አፈሩን ያገኘነው ከጀበና ነው። እውነቴን ነው፤ በሌላው ዓለም ያሉ ሞዴል ሠሪዎችም የቡና አተላ ይጠቀማሉ። ቡና በተፈላ ቁጥር ልጄ አተላውን በሰፌድ ላይ ያሰጣል። ፀሐይ ከሌለ ምጣድ ላይ እናደርቀዋለን፤ እርጥበት ከቀረው እንደ ኮረብታው ይሻግታል። ኮላ በተቀባው ኮረብታ ላይ በሻይ ማጥለያ ሲነሰንስበት ጥቁር ቡናማ፣ ለም የጫካ አፈር ሆነ። መንገዱን ደግሞ ከግቢያችን በወሰድነው በተነፋ ቀይ አፈር ሠራነው። ሳር በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው። ከእህቴ ባቡር በስተቀር ሰሌዳው ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር የለም።

ሚያዝያ ላይ አባቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ጅማ መጡና እኛ ጋ ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። ሐኪሙ እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ እንዳያነሡ፣ ዓይናቸውን አቧራ እንዳያገኘው አዘዘ። ዕድሜ ልኩን ማሳ ላይ የኖረ ሰው ሳሎን ወንበር ላይ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት ከባድ ነው። እኔና አባቴ ደግሞ ብዙ አናወራም። በስልክ «እንዴት ነዎት?»፣ «ደህና ነኝ፣ ልጁስ?»፣ «ደህና ነው» ነው። እኔ አባቴን አንቱ ነው የምላቸው። ልጄ ግን አያቱን አንተ ይላቸዋል፤ ያልፈለገውን አይጠይቅም፣ የፈለገውን ሳይጠይቅ አያልፍም።

የዓይናቸው ፋሻ በተነሣ ማግስት ልጄ እጃቸውን ይዞ ሰሌዳው ጋ ወሰዳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ወሩ ምንድን ነው?»

«የምን ወር?» አለ ልጄ።

«እዚህ ቡናው አብቧል፤ እዚህ ደግሞ ቀልቷል። አንድ ማሳ ላይ የካቲትና ኅዳር አብረው አይውሉም።»

እውነት ነው። እኔ ነጭ ወረቀት ቆራርጬ አበባ አድርጌ ነበር፣ ልጄ ደግሞ ቀይ ቀለም ነጠብጥቦ ነበር። ቡና የሚያብበው የበጋው ደረቅ ወቅት አልፎ ዝናብ ጠብ ሲል ነው፤ የሚቀላው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። አንድ ወር መምረጥ ነበረብን። ኅዳር ተባለ። ወሩ ሲመረጥ ሌላው ሁሉ ተከተለ። በኅዳር ሳሩ ወደ ቢጫ ማድላት ይጀምራል፤ ስለዚህ ሰጋቱራው ላይ ቢጫ ጨመርን። በኅዳር ጅረቱ ከክረምቱ ይልቅ ጠርቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ የጅረቱን ወለል ጥቁር አረንጓዴ ቀብተን ቬርኒሹን በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረብን አራት ጊዜ አፈሰስንበት። በኅዳር ቡና ይሰጣል፤ ስለዚህ የቡና ማስጫ አልጋ ያስፈልጋል።

አልጋውን ከስቴኪኒና ከአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሠራነው። ለቡናው ቀይ ጤፍ ነሰነስን። አባቴ ጠጋ ብለው አዩና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ባለቤቴ አሰላው፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች የጤፍ ፍሬ በኛ ልኬት 8.7 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። «ይሄ ቡና አይደለም፣ ብርቱካን ነው» አሉ አባቴ። በርበሬ ያመጣው ልጄ ነው። ደቃቅ በርበሬ በኮላ ላይ ሲነሰነስ ልክ ትኩስ እሸት ቡና ይመስላል። ሦስት ቀን አስነጠስን፤ አባቴን ዓይናቸውን ብለን ሌላ ክፍል አስገብተን ነበር የሠራነው።

ልጄ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትም ይፈልግ ነበር። ጅሬን ከአጋሮ አይታይም፤ ነገር ግን ሞዴል ሠሪ ለዚህ መላ አለው። ከሰሌዳው ኋላ ካርቶን አቁመን ተራሮቹን ሳልንበት፤ በአንደኛው ኮረብታ ላይ ባለ ሰገነቱን የእንጨት ቤተ መንግሥት ልጄ ራሱ ሳለው። ሩቅ ያለ ተራራ አረንጓዴ አይቀባም። እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ፣ ወደ ሰማያዊ እያደላ ነው የሚቀባው። ከቤታችሁ መስኮት የሚታየውን የመጨረሻውን ተራራ አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩት፣ እውነት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የፈጀው ዛፉ ነው። ከመብራት ገመድ ውስጥ የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠቀለላል፤ ከታች ግንድ፣ ከላይ እየተከፋፈለ ቅርንጫፍ ይሆናል። ኮላ ተቀብቶ የቡና አተላ ሲነሰነስበት ቅርፊት ያወጣል። ቅጠሉ በመቀስ ደቆ በሁለት ሦስት ዓይነት አረንጓዴ የተነከረ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ብቻ ከተሠራ ፕላስቲክ ይመስላል። የቡና ዛፎቹን ከግንድ ላይ በተለቀመ የዛፍ ሽበት ሠራናቸው።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ባቡሩ ቆመ፤ ግን ሥራው አልቆመም። ከዚህ ሥራ የምወደው አንዱ ነገር ይሄ ነው፤ መልክዓ ምድሩ መብራት አይፈልግም። ቻርጅ የሚደረግ ፋኖስ ጠረጴዛው ላይ አደረግን። ልጄ ትላልቆቹን ዛፎች በእኩል ርቀት፣ በመስመር መትከል ጀመረ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የቆርቆሮ ጣራ እሠራ ነበር። የአልሙኒየም ፎይል በማበጠሪያ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ በጥፍራችሁ ስትጫኑት ቁልጭ ያለ ቆርቆሮ ይወጣዋል።

«ዛፍ ወታደር አይደለም፣ አይሰለፍም» አሉ አባቴ። «ይሄን ንቀለው። ሰሳው ላይ ነው፣ ከፍ በል። እንደሱ። ብርብራው ጅረቱ ዳር። ዋንዛዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ በሩ ላይ። አንዱ መሐል። አንዱ ታች አጥሩ ጋ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ ነው፣ ዘንበል አድርገው።»

ልጄ ዘንበል አደረገው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚናገሩት።

«አባባ፣ በሩ ላይ ያለው ዋንዛ የታለ? ባለፈው ስንመጣ አላየሁትም።»

«አሁን የለም። ተሸጧል።»

«ለምን ሸጥከው?»

«ለእናትህ ትምህርት።»

«ሦስቱንም?»

«በዓመት አንድ። እናትህ ሦስት ዓመት ነው የተማረችው።»

እጄ ላይ ያለው ፎይል ተጨማደደ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በጥቂት አጥቼ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ የገባሁ ነኝ። ክፍያው በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድም ቀን ሳይዘገይ ይደርሰኝ ነበር። ቡና ጥሩ ዋጋ አውጥቷል ብዬ አስብ ነበር። አልጠየቅሁም። ምናልባት የእናንተም ሳሎን ውስጥ የዋንዛ ጠረጴዛ ወይም ቁም ሣጥን ይኖር ይሆናል፤ እንጨቱ ጥሩ ገንዘብ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ።

ልጄ አላቆመም። «ከዚያስ ቡናው?»

«ቡና ጥላ ይፈልጋል። ዋንዛዎቹ ሲሄዱ ፀሐይ መታው። አንድ ዓመት ከልክ በላይ አፈራ። እኛም ደስ አለን። እሱ ግን አቅሙን ጨርሶ ነው ያፈራው። በሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፉ ከጫፉ መድረቅ ጀመረ። እየደከመ፣ እየደከመ ሄደ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ጥላም አይፈልግ፣ ለቀማም አይፈልግ። አያትህም አልነበረችም ያን ጊዜ፤ ብቻዬን ለቀማውን አልችለውም ነበር።»

ይህንን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ስለ ሌላ ሰው ማሳ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። እኔ ጨለማው ውስጥ የተቀመጥኩ ሆኜ፣ የፋሲካውን ንግግሬን ቃል በቃል ሰማሁት። በገዛ ዲግሪዬ ነበር የተቆጣኋቸው። ያቺ «በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር» የምትል ሐረግ የተማርኩባቸው ሦስት ዛፎች ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ትምህርት ቤት፣ ባለቤቴ ሥራ ሲሄዱ፣ ቡና አፍልቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንቱ የምትሉትን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ከባድ ነው፤ ቃሉ አፍ ላይ ይገተራል።

«አባባ፣ ያኔ በፋሲካ የተናገርኩት ነገር...»

«የቱን?»

«ስለ ባሕር ዛፉ። በሰው ፊት። አላወቅሁም ነበር።»

ስኒያቸውን አዩት፤ እንደዚያን ቀን። «ባትነግሩኝ እንዴት አውቃለሁ?» ልል ነበር። ግን እኔስ መቼ ጠይቄ? አሥር ዓመት በላይ በየገበሬው ማሳ እየዞርኩ «ይህ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው? ማን ተከለው?» እያልኩ ማስታወሻ ስይዝ፣ የአባቴን ማሳ ግን ፎቶ እንኳ አንስቼው አላውቅም።

«ቡናሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው «ዛፍ ለዚህ አይደል እንዴ የሚተከለው?» አሉ። ሌላ አልተጨመረም። ለእኔና ለአባቴ ይሄ ረጅም ወሬ ነው።

ማታ ልጄ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። እሱ ጠንቃቃ ነው፣ ነገር ሁሉ ትክክል እንዲሆን ይፈልጋል። «ዋንዛው አሁን ከሌለ፣ እኛ ካደረግነው ውሸት አይሆንም?» አለ። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ አባቴ አየሁ።

«ወሩ ኅዳር ነው ብለናል አይደል?» አሉ አባቴ። «ዓመቱን አልተናገርንም። እናትህ ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ያለው ኅዳር ነው በለው።»

ልጄ በቀጭን ካርቶን ላይ ጻፈው፣ ከጣቢያው ሥር ለጠፈው። ስለዚህ ዛሬ ቤታችን ብትመጡ፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ ከጋራ ሥር አንድ ሄክታር የቡና ማሳ ታያላችሁ። ማስጫ አልጋዎቹ ላይ ቀይ በርበሬ አለ። ሦስት ዋንዛ አለ፤ አንዱ ዘንበል ያለ ነው። የዛገ ቆርቆሮ ለብሳ «አጋሮ» የሚል የተጻፈባት አንዲት ጣቢያ አለች። ባቡሩ ከጥንቱ ወረቀት ላይ ወርዶ በማሳው ዙሪያ ይዞርና ጣቢያዋ ላይ ይቆማል፤ ሦስቱንም ፉርጎ ቡና ጭኖ ይነሣል። ልጄ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ያስነሣዋል። የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሰዎቹን በማቆም ነው። አሁን ከክብሪት እንጨት ቀርጾ አንዲት ቡና ለቃሚ እየሠራ ነው። አያቱ የሴት አያቱን ነጠላ ምን ዓይነት ጥለት እንደነበረው በስልክ ነግረውታል፤ እኔ የማላስታውሰውን።

ብትጀምሩት ብዬ የምመክራችሁ ትንሽ ነው። ሰሌዳው ትልቅ መሆን የለበትም። ባቡር ከሌለም ይሠራል፤ መኪና ያለው መንገድ፣ ጀልባ ያለው ሐይቅ፣ ወይም አንድ ግቢ ብቻ ይበቃል። ከቤታችሁ የማይጠፋ ነገር ተጠቀሙ። አንድ ወር ምረጡ። ልትሠሩት ያሰባችሁትን ቦታ በደንብ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ወንበር አምጡለትና አጠገቡ ልጅ አስቀምጡ። ከዚያ እናንተ ጥግ ይዛችሁ ቆርቆሮ ሥሩ።

ሐምሌ ላይ ችግኝ ጣቢያ ሄጄ ሦስት የዋንዛ ችግኝ ገዛሁና አጋሮ ወሰድናቸው። ከባሕር ዛፉ በሩ አጠገብ ያለው ጥቂቱ ተቆርጧል፤ አባቴ ከሥሩ አስነቅለው ጉድጓዱን አስቆፍረው ጠበቁን። ዓይናቸው ደህና ነው፤ አሁን ያጎነብሳሉ። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ለመጨረስ ተጣደፍን። «እነዚህ ለኔ አይደርሱልኝም» አሉ አፈሩን በእግራቸው እየደለደሉ። «ለኔም'ኮ ያኛዎቹን የተከለልኝ አባቴ ነው።»

ልጄ የት ሄደ ብዬ ዞር ስል፣ ከትምህርት ቤት ቦርሳው ማስመሪያ አውጥቶ የመጀመሪያውን ችግኝ እየለካ ነበር።

«ማሚ» አለኝ፣ «17 ሴንቲ ሜትር። ልክ እንደኛው ነው።»